ከጎጃም ሆኖ ራዲዮኬሚስትሪ ለመማር፦ ከየት እንጀምር፣ ምን በእጃችን እንሥራ

ኬሚስትሪ ከሚማሩ ልጆች አንድ ጥያቄ እየደጋገመ ይመጣብኛል፣ "ራዲዮኬሚስትሪ ደስ ይለኛል ግን እዚህ ሪአክተር የለ፣ የጨረራ ላብ የለ፣ በምን ልጀምር?" የሚል። እኔም ደብረ ማርቆስ ላይ ስጀምር ያስጨነቀኝ ይሄው ስለነበር መልሱን እንደነገሩ አልመልስም፣ ቡና ይዘን ቁጭ ብለን እንደምናወራው ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ዋናው ነገር ይቺ ናት፦ ራዲዮኬሚስትሪ፣ ጨረራ የሚያወጡ ኤለመንቶችን የሚያጠናው ትምህርት፣ መጀመሪያ ኬሚስትሪ ነው። አንድ ኤለመንት ማንን ይመስላል፣ ከማን ጋር ይጓዛል፣ የት ሲደርስ ይቀራል፣ ይሄን ካወቃችሁ ጨረራው መንገዱን የሚነግራችሁ ምልክት ነው። መለማመጃው ደግሞ እግራችሁ ስር ነው፣ ዩራኒየምና ቶሪየም የሌለበት አፈር የለም፣ ፖታሲየም 40 (ቁጥሩ የአቶሙ ክብደት ነው) ድንች ውስጥ አለ፣ ራዶን የሚባለው ጋዝ ከመሬት እየወጣ ቤት ይገባል። ራዲዮአክቲቭ ሶርስ ፍለጋ መሄድ አያስፈልግም፣ መሄድም የለባችሁም፣ እሱን በኋላ እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ፦ ኬሚስትሪውን አጥብቁ

ብዙ ሰው ኑክሌር ፊዚክስ ካልቻልኩ ብሎ ይፈራል። ፊዚክሱ ያስፈልጋል ግን በር የሚከፍተው እሱ አይደለም። ማሪና ፒየር ኪዩሪ በ1898 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ፖሎኒየምንና ራዲየምን ያገኙት ማዕድኑን በአሲድ አሟሙተው፣ እያዘቀጡ እያጣሩ፣ ጨረራው ከየትኛው ዝቃጭ ጋር እንደሄደ እየለኩ ነው። አንዱ ከቢስሙት ጋር ወረደ፣ እሱ ፖሎኒየም ሆነ፣ ሌላው ከባሪየም ጋር ወረደ፣ እሱ ራዲየም ሆነ። አቶም ይሰነጠቃል የሚባለውም የታወቀው በዚሁ መንገድ ነው፣ በ1938 ኦቶ ሃን እና ፍሪትዝ ሽትራስማን ዩራኒየምን በኒውትሮን መትተው ራዲየም መሰለን ያሉትን ነገር ከባሪየም ሊለዩት ቢሉ ቢሉ አልለይ አላቸው፣ ለካ ራሱ ባሪየም ነው። ይሄ ሙሉ በሙሉ የመለያየት ኬሚስትሪ ነው።

ስለዚህ ከፍሬሽማን ጀምሮ የተማራችሁትን መልሳችሁ ክፈቱ። ሶሉቢሊቲ ፕሮዳክት፣ ኮምፕሌክስ፣ ኦክሲዴሽንና ሪዳክሽን፣ አዮን ኤክስቼንጅ፣ ሶልቨንት ኤክስትራክሽን። በተለይ ፒሪዮዲክ ቴብሉን በቤተሰብ እዩት፣ ስትሮንሺየምና ራዲየም ካልሲየምን ይመስላሉ ስለዚህ አጥንት ይፈልጋሉ፣ ሲዝየም ፖታሲየምን ይመስላል ስለዚህ ጡንቻ ውስጥና ተክል ውስጥ ይገባል፣ አዮዲን ታይሮይድ ይገባል። ቼርኖቤል በኤፕሪል 1986 ሲፈነዳ ልጆቹን የጎዳው አዮዲን 131 ነው፣ ሳር ላይ ወረደ፣ ላሟ ጋጠችው፣ ወተቱን ልጆች ጠጡት። ግማሽ ዕድሜው፣ ማለትም ግማሹ በስብሶ የሚያልቅበት ጊዜ፣ 8 ቀን ብቻ ነው ግን ወተት 8 ቀን አይጠብቅም።

አንድ ለኬሚስትሪ ተማሪ እንግዳ የሆነ ነገር አለ፣ እሱን ገና ከጅምሩ ያዙት። የምትሠሩበት መጠን በሚዛን አይታይም። 1 ቤክሬል ማለት በሰከንድ አንድ አቶም ሲበሰብስ ነው። 1 ቤክሬል ሲዝየም 137 ስንት ግራም ነው ብላችሁ አስሉት እስኪ፣ ግማሽ ዕድሜው 30 ዓመት ነው፣ ወደ ሰከንድ ለውጡት፣ 0.693ን በሱ አካፍሉ፣ የአቶሙን ብዛት አግኙ። 1.4 ቢሊዮን አቶም ገደማ ይመጣል፣ በክብደት ከአንድ ትሪሊዮንኛ ግራም በታች። ይቺ ታህል ነገር ብልቃጥ ግድግዳ ላይ ተለጥፋ ልትቀር ትችላለች፣ ለዚህ ነው ካሪየር የሚጨመረው፣ ያው ራዲዮአክቲቭ ያልሆነ ተመሳሳይ ኤለመንት ጥቂት ሚሊግራም ታደርጉና እሱ ተሸክሞት ይሄዳል። ይሄ ከገባችሁ የሌላው ኬሚስትና የራዲዮኬሚስቱ ልዩነት ገባችሁ ማለት ነው።

ቀጥሎ፦ ግማሽ ዕድሜን በቆርኪ

ይሄንን ንቃችሁ አትለፉት፣ እኔ ካነበብኩት ሁሉ የበለጠ ያስተማረኝ ይሄ ነው። ከአንድ ግሮሰሪ 100 የቢራ ወይ የለስላሳ ቆርኪ ለምኑ፣ አይከለክሏችሁም። ሁሉንም በጆንያ ውስጥ ነቅንቃችሁ መሬት ላይ አፍስሱት፣ ጥርሱ ወደ ላይ ሆኖ የወደቀውን ሁሉ "በሰበሰ" ብላችሁ አውጡት፣ የቀረውን ቁጠሩ፣ ጻፉ፣ እንደገና ነቅንቁ። አሥር ዙር ያህል። ከዛ የቀረውን ቁጥር ሎጋሪዝም ውሰዱና ከዙሩ ጋር ግራፍ ሥሩት፣ ቀጥ ያለ መስመር ወደ ታች ይወርዳል።

ሳንቲም ያላልኩት በምክንያት ነው። ቆርኪ ግማሽ በግማሽ አይወድቅም፣ ስለዚህ የቆርኪያችሁን ዲኬይ ኮንስታንት (የመበስበስ ፍጥነቱን) ቀድማችሁ አታውቁትም፣ ከግራፉ ላይ ነው የምታወጡት፣ ልክ እውነተኛው አይሶቶፕ ላይ እንደሚደረገው። መጨረሻ አካባቢ ደግሞ አምስት ስድስት ቆርኪ ሲቀር መስመሩ ሲዘበራረቅ ታያላችሁ፣ ያ ስህተት እንዳይመስላችሁ፣ የቁጥር ማነስ ነው። 100 ከቆጠራችሁ ቁጥራችሁ በ10 ከፍ ዝቅ ይላል፣ ያም 10 ፐርሰንት ነው፣ 10,000 ከቆጠራችሁ ግን በ100፣ ማለትም 1 ፐርሰንት። ላብ ገብታችሁ ናሙና አንድ ቀን ሙሉ ለምን ይቆጠራል ስትሉ መልሱ ቆርኪው ጋ ነው ያለው።

ከዛ ድንች። አዊ ዞን ሄዶ ድንች ያልበላ የለም፣ 1 ኪሎ ድንች ውስጥ 4 ግራም ገደማ ፖታሲየም አለ፣ 1 ግራም የተፈጥሮ ፖታሲየም ደግሞ 31 ቤክሬል አለው፣ ስለዚህ ኪሎው 120 እስከ 130 ቤክሬል ይሆናል። የኛው ሰውነት ውስጥ 70 ኪሎ ሰው ላይ 4,000 ቤክሬል ገደማ ፖታሲየም 40 አለ። ይሄን ስሌት ለእናታችሁ አሳዩዋት ግን ድንቹ ምንም አያደርግም ብላችሁ ጨምሩ፣ ምክንያቱም ሰውነት ፖታሲየምን ልኩን ጠብቆ ነው የሚይዘው፣ የተረፈውን ያስወጣዋል።

ሦስተኛ፦ የዩራኒየምን ዘር ቁጠሩ

እኛ አገር ዘር መቁጠር እስከ ሰባት ቤት ነው፣ ዩራኒየም 238 ግን እስከ እርሳስ 206 አሥራ አራት ትውልድ አለው፣ ስምንቱ አልፋ ስድስቱ ቤታ የሚባለውን ጨረራ እያወጡ ነው የሚወርዱት። በቃል ያዙት፣ ግማሽ ዕድሜው ጭምር። ዩራኒየም 238፦ 4.5 ቢሊዮን ዓመት፣ መሃል ላይ ራዲየም 226፦ 1,600 ዓመት፣ ልጁ ራዶን 222፦ 3.8 ቀን፣ ከሱ በኋላ በደቂቃ የሚለቁ ጥቃቅኖች፣ ከዛ እርሳስ 210፦ 22 ዓመት፣ በመጨረሻ ፖሎኒየም 210፦ 138 ቀን። ወረቀት ላይ ጽፋችሁ መኝታችሁ አጠገብ ለጥፉት።

ድንጋዩ ካልተነካ ሁሉም ትውልድ በእኩል ቤክሬል ይኖራል፣ ሴኩላር ኢኩሊብሪየም የሚሉት እሱ ነው። ውሃ ሲገባበት ግን ቤተሰቡ ይበተናል፣ እንዲህ ሲበተን ነው ጉዳዩ የኬሚስት የሚሆነው። ዩራኒየም ኦክስጅን ባለበት ውሃ ዩራኒል (ከኦክስጅን ጋር የተያያዘ አዮን) ሆኖ ይሟሟል፣ ካርቦኔት ካገኘ ደግሞ በደንብ ይጓዛል። ቶሪየም አይሟሟም፣ ከደለል ጋር ተጣብቆ ይቀራል። ራዲየም ካልሲየምና ባሪየምን እያየ ይሄዳል፣ ሰልፌት ያለበት ቦታ ከባሪየም ጋር ይወርዳል። ራዶን ጋዝ ነው፣ ከማንም ጋር አይጣመርም፣ ስንጥቅ ፈልጎ ይወጣል።

ገበሬው ከሚያውቀው ነገር ምሳሌ ልስጣችሁ፣ ማዳበሪያ። ዳፕ ይሁን ኤንፒኤስ ፎስፌቱ የሚመጣው ከፎስፌት አለት ነው፣ ያ አለት ውስጥ ደግሞ ዩራኒየም አለ። ፋብሪካው አለቱን በሰልፈሪክ አሲድ ሲያሟሟው ዩራኒየሙ አብዛኛው ከፎስፎሪክ አሲዱ ጋር ወደ ማዳበሪያው ይሄዳል፣ ራዲየሙ ደግሞ ከጂፕሰሙ ጋር እዛው ፋብሪካው ጓሮ ክምር ውስጥ ይቀራል። አንድ አሲድ፣ ሁለት ዘመዳሞች፣ ሁለት መንገድ። ማዳበሪያ ላይ ራዲየምን ለክቶ ዩራኒየሙም ይሄን ያህል ነው ብሎ የጻፈ ተማሪ አይቻለሁ፣ እንዲህ ማለት አይቻልም፣ ኢኩሊብሪየሙ ፋብሪካው ውስጥ ፈርሷል።

አራተኛ፦ የጎጃምን አፈር እንደ ኬሚስት አንብቡት

መጽሐፎቹ የሚያወሩት ስለ አውሮፓና ጃፓን አፈር ነው፣ የኛን ራሳችሁ ነው የምትተረጉሙት። ከደምበጫ እስከ እንጅባራ፣ ቡሬ፣ ዳንግላ ያለው ቀይ አፈር አሲዳማ ነው፣ ሸክላው በብዛት ካኦሊናይት ነው፣ የብረት ኦክሳይድ ሞልቶታል። ቢቸና ደጀን አካባቢ ያለው ጥቁር ዋልካ ደግሞ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ፣ ሲረጥብ የሚያብጥ የስሜክታይት ሸክላ ነው። አንድ ኤለመንት እነዚህ ሁለት አፈሮች ላይ አንድ ዓይነት ባሕርይ አያሳይም።

ሲዝየምን ውሰዱ። ሲዝየም አጥብቆ የሚያስረው ኢላይት የሚባለው ሸክላ ጠርዝ ላይ ያለች ቦታ ናት፣ እዛ ከገባ በቀላሉ አይወጣም። ካኦሊናይት ይሄ ቦታ የለውም ማለት ይቻላል፣ ፖታሲየም ያነሰበት አፈር ላይ ደግሞ ተክሉ ሲዝየሙን ፖታሲየም መስሎት ይስበዋል። ለዚህ ነው ፉኩሺማ ላይ ከ2011 በኋላ ሩዝ ማሳው ላይ ፖታሽ የበተኑት። ስትሮንሺየም ላይ ደግሞ መድኃኒቱ ካልሲየም ነው፣ የኛ ገበሬ አሲዱን ለመግደል የሚበትናትን ኖራ ከቼርኖቤል በኋላ አሲዳማ መሬት ላይ በትነዋታል። ዩራኒየም ሌላ ነው፣ ቀዩ አፈር ውስጥ ያለው ብረት ኦክሳይድ ይይዘዋል፣ አባይ በረሃ ወርዳችሁ ግን ኖራ ድንጋዩ ጋ ያለው ምንጭ ካርቦኔቱ ብዙ ስለሆነ የመለቀቅ ዕድሉ ሰፊ ነው። ይሄን በግምት አትተዉት፣ ፍሪክሲ (PHREEQC) የሚባለው የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ሶፍትዌር በነፃ ይገኛል፣ ላፕቶፕ ላይ ጭናችሁ ፒኤችና ካርቦኔት እየቀያየራችሁ ዩራኒየሙ በምን መልክ እንዳለ እዩት። ኔት ሲኖር አውርዱና አስቀምጡት፣ ከዛ ኔት አይፈልግም።

የጮቄ ተራራ ባዛልት ነው፣ ባዛልት ደግሞ ከግራናይት ጋር ሲወዳደር ዩራኒየምም ቶሪየምም ያነሰው ድንጋይ ነው። የዓለም አፈር በአማካይ በኪሎ 35 ቤክሬል ገደማ የዩራኒየም 238፣ 30 ገደማ የቶሪየም 232፣ 400 ገደማ የፖታሲየም 40 አለው። ባዛልት ላይ የተሠራ አፈር ለክታችሁ ከዚህ በጣም የሚበልጥ ዩራኒየም ካገኛችሁ ከመደሰታችሁ በፊት ካሊብሬሽናችሁን ፈትሹ።

አምስተኛ፦ ናሙና አወሳሰድ (ረጅም ነው፣ ታገሱኝ)

ማሽኑ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን ናሙናው ከተበላሸ ቁጥሩ ዋጋ የለውም።

ከመሬቱ በፊት ሰዎቹ። ያለ ፈቃድ ማንም ማሳ ላይ አትቆፍሩ፣ የቀበሌውን ልማት ጣቢያ ሠራተኛ ይዛችሁ ሂዱ። አንድ ጊዜ ጮቄ ስር አንድ ሽማግሌ ማሳ ላይ "አባቴ፣ ትንሽ አፈር ልንወስድ ነበር" ስላቸው "ምነው፣ ወርቅ አገኛችሁበት እንዴ?" አሉኝ። "ኧረ አይደለም አባቴ፣ ጎርፉ ስንት አፈር እንደወሰደ ልናይ ነው" አልኳቸው። "እሱንማ እኔን ብትጠይቀኝ እነግርሃለሁ፣ ያቺን ብሳና አታያትም፣ እኔ ልጅ ሆኜ ሥሯ አይታይም ነበር" ብለው አሳዩኝ፣ ሥሩ ከመሬት ክንድ ያህል ወጥቷል። ያን ቀን ከናሙናው በፊት የሥሩን ከፍታ ለክቼ ጻፍኩ፣ ለቁጥሬ ማመሳከሪያ የሆነኝ እሱ ነው። ጸበል ከሆነ ደግሞ የደብሩን አስተዳዳሪ አስፈቅዱ፣ ለምን እንደምትለኩ በግልጽ ንገሯቸው፣ ውጤቱንም መጀመሪያ ለነሱ ነው የምታሳዩት። ጸበልና ምንጭ ላይ አንድ ናሙና ለክቶ ፌስቡክ ላይ "ጨረራ ተገኘ" ማለት ሕዝብን ማሸበር ነው፣ ጨረራማ የትም አለ፣ ጥያቄው ስንት ነው የሚለው ነው።

ወደ አፈር መሸርሸሩ ልምጣ፣ ምክንያቱም ጎጃም ላይ ከዚህ የበለጠ ጠቃሚ የቴሲስ ርዕስ አላውቅም። በ1950ዎቹና 60ዎቹ የተሞከሩት ቦምቦች ያመጡት ሲዝየም 137 ከዝናብ ጋር ዓለም ሁሉ ላይ ወርዷል፣ ጫፍ የደረሰው 1963 ላይ ነው። አፈር ላይ ከወደቀ በአብዛኛው ተጣብቆ ይቀራል፣ አፈሩ ሲታጠብ አብሮ ይታጠባል። ስለዚህ ያልተነካ መሬት ላይ ያለውን ሲዝየምና ማሳው ላይ ያለውን ብታወዳድሩ ማሳው ስንት እንዳጣ ይወጣል። ያልተነካ መሬት ከየት ይመጣል? ቤተ ክርስቲያናችን ዙሪያ። ስንት ትውልድ ሳይታረስ የኖረ መሬት በየደብሩ አለ፣ ይሄ ሀብት ሌላ አገር በቀላሉ አይገኝም። ግን መቃብር ካለበት ራቁ፣ ዛፍ ሥር ትክክል አትውሰዱ ምክንያቱም ቅጠሉ ዝናቡን ያዛባዋል፣ ሜዳ የሆነች፣ ሳር ያለባት፣ ተዳፋት ያልሆነች ቦታ ፈልጉ፣ ከአንድም ሳይሆን ከብዙ ጉድጓድ ውሰዱ። 

አፈሩን የምታወጡበትን ቱቦ ስትተክሉ ስፋቱን ለኩ፣ አፈሩን በ5 በ5 ሴንቲሜትር ቆራርጡት፣ ክብደቱን መዝግቡ፣ ምክንያቱም የምትፈልጉት በኪሎ ስንት ቤክሬል ሳይሆን በካሬ ሜትር ስንት ቤክሬል የሚለውን ነው። ያልታረሰው ላይ ሲዝየሙ ከላይ በዝቶ ወደ ታች እያነሰ ይሄዳል፣ የታረሰው ላይ እስከ ማረሻው ጥልቀት ተደባልቆ ታገኙታላችሁ። እኛ ለምድር ወገብ ስለቀረብን የወረደብን ከአውሮፓ ያነሰ ነው፣ ከ1963 ወዲህ ደግሞ ሁለት ግማሽ ዕድሜ አልፎ ሩቡ ነው የቀረው፣ ስለዚህ ከአንድ ቀን በላይ መቁጠር ሊያስፈልግ ነው። ሲዝየሙ እምቢ ካለ እርሳስ 210 አለ፣ እሱ ከአየር ላይ ራዶን እየተወለደ ዛሬም ይወርዳል። የጣና ወይ የቆጋ ግድብ ደለል በየዓመቱ ስንት እንደተከማቸ ለማወቅም የሚሠራበት እሱ ነው፣ ወደ ኋላ 100 ዓመት ከምናምን ድረስ ያስኬዳል።

አፈሩን 105 ዲግሪ ላይ አድርቁ፣ ፈጭታችሁ በ2 ሚሊሜትር ወንፊት ንፉት፣ ክዳኑ አየር በማያስወጣ እቃ አሽጉት። ራዲየም ለመለካት ካሰባችሁ ለ4 ሳምንት አትክፈቱት። ምክንያቱ ይሄ ነው፣ የምትለኩት ራዲየሙን ሳይሆን የልጅ ልጆቹን እርሳስ 214ንና ቢስሙት 214ን ነው፣ ራዶኑ ካመለጠ እነሱም የሉም። የራዶን ሰባት ግማሽ ዕድሜ 27 ቀን ገደማ ስለሆነ በዛ ጊዜ 99 ፐርሰንት ተመልሶ ይሞላል።

ውሃ ላይ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ጊዜ ከዘጠኝ ጉድጓድ ውሃ ቀድቼ በፕላስቲክ አደረግሁ፣ አሲድ አልጨመርኩም፣ ላቡ ወረፋ ስለነበረው ሦስት ሳምንት ቆየ። ውጤቱ ሲመጣ እርሳስ 210 የለም፣ ፖሎኒየም የለም፣ ምንም የለም። ውሃው ንጹህ ሆኖ አይደለም፣ ሁሉም ፕላስቲኩ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ቀርቷል። ክረምት ገብቶ መንገዱ ጭቃ ሆኖ ዘጠኙንም ደግሜ ዞርኩ፣ የሁለት ወር ሥራና የቤተሰብ ብር ነው የጠፋው፣ አሁንም ያስቆጨኛል። ስለዚህ እዛው ምንጩ ጋ ፒኤች፣ ሙቀት፣ ኮንዳክቲቪቲና አልካሊኒቲ ለኩ፣ በ0.45 ማይክሮሜትር አጣሩ፣ ናይትሪክ አሲድ ጨምራችሁ ፒኤቹን ከ2 በታች አውርዱ። ራዶን ለመለካት የምትቀዱት ግን ሌላ ነው፣ አይጣራም፣ አሲድ አይነካውም፣ በመስታወት ጠርሙስ ውሃው ውስጥ እንደተነከረ አረፋ ሳይኖረው ሞልታችሁ ትከድኑና ሰዓቱን ትጽፋላችሁ፣ በአራት ቀን ግማሹ ያልቃልና ቶሎ ታደርሱታላችሁ።

ስድስተኛ፦ ልኬቱ

ጋማ ስፔክትሮሜትሪ (እያንዳንዱን አይሶቶፕ በሚያወጣው የጋማ ጨረር ኢነርጂ የሚለይ ልኬት) ላይ ጀምሩ፣ ናሙናውን በኬሚካል ማፍረስ ስለማይፈልግ ለጀማሪ ይመቻል። እነዚህን ቁጥሮች ልክ እንደ ስልክ ቁጥር ያዙ፦ 1461 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ፖታሲየም 40፣ 352 እርሳስ 214፣ 609 ቢስሙት 214፣ 911 አክቲኒየም 228፣ 583 እና 2615 ታሊየም 208 (911፣ 583ና 2615 ከቶሪየም ዘመዶች የሚመጡ ናቸው)፣ 662 ሲዝየም 137። ሶዲየም አዮዳይድ ዲቴክተር ርካሽ ነው፣ ፊዚክስ ዲፓርትመንት ውስጥ የሚገኝበት አለ፣ ግን 609ንና 662ን አጥርቶ አይለያቸውም፣ እና በሱ ብቻ አፈር ላይ ሲዝየም አገኘሁ የሚል ሰው ያገኘው ቢስሙት ሊሆን ይችላል። ሃይፐር ፒዩር ጀርማኒየም ነው የሚያስፈልገው፣ እሱ ደግሞ ቀዝቃዛ ካልሆነ አይሠራም፣ ብዙዎቹ ሊኪውድ ናይትሮጅን ይፈልጋሉ። ቅርባችሁ ከሌለ አድቫይዘራችሁ በደብዳቤ ሌላ ዩኒቨርሲቲ እንዲጠይቅላችሁ አድርጉ፣ በደንብ የታሸገና በደንብ የተመዘገበ አፈር ለወራት መጠበቅ ይችላል።

ባዶ እቃውን ናሙናውን በቆጠራችሁበት ጊዜ ያህል ቁጠሩና ቀንሱ። መጠኑ የሚታወቅ ማመሳከሪያ ናሙና ያለው ላብ ፈልጉ፣ ያንን ለክታችሁ ትክክለኛው ቁጥር ካልመጣ የራሳችሁን አትመኑ። ውጤት ስትጽፉ ከፍ ዝቅታውን ሳትጽፉ አትተዉ፣ ማነጻጸሪያውንም አብራችሁ አስቀምጡ፣ ለምሳሌ የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ከዚህ ካለፈ በዝርዝር ይመርመር የሚለው ልክ ጠቅላላ አልፋ በሊትር 0.5 ቤክሬል፣ ጠቅላላ ቤታ 1 ቤክሬል ነው፣ ቤት ውስጥ ራዶን ደግሞ በሜትር ኩብ 100 ቤክሬል። ሰው በዓመት ከተፈጥሮ የሚያገኘው ጨረራ በዓለም አማካይ 2.4 ሚሊሲቨርት (ሰውነት የተቀበለው ጨረራ መለኪያ) ነው፣ ከግማሽ በላዩ ራዶን ነው።

አልፋና ቤታው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ፖሎኒየም ሞቅ ያለ አሲድ ውስጥ ብር ላይ በራሱ ይለጠፋል፣ የሚያምር ሥራ ነው። ስትሮንሺየም 90ን ካልሲየም ከሞላበት ወተት መለየት ከባድ ነው፣ ከለያችሁት በኋላ ልጁ ይትሪየም 90 እስኪሞላ ሁለት ሳምንት ገደማ ጠብቃችሁ ትለካላችሁ። ይሄ ግን ብቻችሁን የምትሞክሩት አይደለም፣ ከሚያውቅ ሰው ጋር ነው።

ሶርስን በተመለከተ

እላይ እመለስበታለሁ ያልኩት ነው። ሴፕቴምበር 1987 ብራዚል ጎያኒያ ከተማ ላይ ሰዎች ከተተወ ክሊኒክ የካንሰር ሕክምና ማሽን ፈተው ለቆራሌው ሸጡት። ውስጡ ሲዝየም ክሎራይድ ነበር፣ በጨለማ ሰማያዊ ያበራል፣ ሰዉ ለዘመድ ለጓደኛ አካፈለው፣ አራት ሰው ሞተ፣ ከ200 በላይ ሰው ተበከለ። እዚህም ላይ ኬሚስትሪውን እዩት፣ ክሎራይድ ጨው ስለሆነ ይሟሟል፣ ላብ ላይ፣ አቧራ ላይ፣ ዝናብ ላይ ይሰራጫል፣ የማይሟሟ ሴራሚክ ቢሆን እንደዛ ባልተበተነ። እና ሰፈራችሁ ላለው ቆራሌና ብየዳ ቤት ንገሯቸው፣ ከመጠኑ በላይ የሚከብድ የእርሳስ ሳጥን፣ ሦስት ክንፍ ያለው ምልክት ያለበት እቃ ከመጣ እንዳይፈቱት፣ ራቅ ብለው ለፖሊስ እንዲደውሉ፣ ፖሊሱ ለኢትዮጵያ ቴክኖሎጂ ባለሥልጣን ያሳውቃል። እናንተም ከኔት ላይ ሶርስ መግዛት፣ የጭስ ማስጠንቀቂያ ፈትቶ አሜሪሲየም ማውጣት፣ በጨለማ የሚያበራ የድሮ ሰዓት የራዲየም ቀለም መፋቅ፣ አይሞከርም። ያለ ፈቃድ መያዙም ሕገወጥ ነው።

ለቀጣዩ ትምህርት

ኢትዮጵያ የዓለም አቀፉ አቶሚክ ኢነርጂ ኤጀንሲ አባል የሆነችው በ1957 ነው፣ ድርጅቱ ሲመሠረት ጀምሮ ማለት ነው፣ ስለዚህ የነሱ ነፃ ኦንላይን ኮርስ ለኛም ክፍት ነው። አይሶቶፕ ብራውዘር የሚባለውን አፕ ስልካችሁ ላይ ጫኑ፣ ግማሽ ዕድሜና ጋማ ኢነርጂ ሁሉ እዛ አለ። ኢኒስ የሚባለው የሰነድ ማከማቻቸው ውስጥ ስለ ናሙናና ስለ ሲዝየም የአፈር ዘዴ የተጻፈ ብዙ ፒዲኤፍ በነፃ ይገኛል። ሴቶች እህቶቼ፣ በማሪ ኪዩሪ ስም በ2020 የተጀመረ የማስተርስ ስኮላርሺፕ አለ፣ ለሴቶች ብቻ ነው፣ ራዲዮኬሚስትሪም ይካተታል፣ ማስታወቂያው ሲወጣ አትዘናጉ። ከአፍሪካ ጋና ውስጥ የኑክሌር ሳይንስ ድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት አለ፣ ደቡብ አፍሪካ አለ፣ ከአውሮፓ ሄልሲንኪና ኦስሎ ጠንካራ የራዲዮኬሚስትሪ ላብ አላቸው።

ለፕሮፌሰር ስትጽፉ "ኑክሌር ሳይንስ እወዳለሁ" ብላችሁ አትጀምሩ፣ ሁሉም እንደዛ ነው የሚጽፈው። የቆርኪ ግራፋችሁን ሳይሆን ጥያቄያችሁን አስቀድሙ፣ "ከምኖርበት አካባቢ ቀይ አፈርና ጥቁር አፈር ላይ ሲዝየም እንዴት እንደሚታሰር ማወቅ እፈልጋለሁ፣ እስካሁን ይሄን ይሄን ናሙና ወስጃለሁ፣ ፒኤቹ ይሄ ነው፣ የሸክላው ዓይነት ይሄ ነው፣ የሚቀረኝ ልኬት ይሄ ነው" በሉ። ገና ላብ ሳታገኙ አሁኑኑ ናሙና መሰብሰብ ጀምሩ፣ የተወሰደበትን ቀንና ሰዓት፣ ቦታውን በጂፒኤስ፣ ጥልቀቱን፣ እርጥብና ደረቅ ክብደቱን፣ የወሰደውን ሰው ስም፣ እቃው የታሸገበትን ቀን በማይለቅ ማርከር እቃው ጎን ላይ ጻፉ፣ ክዳኑ ላይ አይደለም፣ ክዳን ይቀያየራል።